የእናቴ ሜትር

ልጅ ሳለሁ አገራችን ታድግ ነበር። በምሳሌ መናገሬ አይደለም፤ ኢኮኖሚው፣ ምርቱ፣ ምናምኑ ማለቴም አይደለም። ደሴቲቱ ራሷ፣ አፈሯና ድንጋይዋ፣ በየዓመቱ በስፋት ትጨምር ነበር። ምን ያህል እንደጨመረች ክቡር አሳዳጊ ሥልጣን በያዙበት ቀን በሬዲዮ ይነገራል፤ እኛም እናጨበጭባለን። ከቤታችን ሰው ሁሉ አብልጬ የማጨበጭበው እኔ ነበርኩ። ደሴቲቱን የሚያሳድጋት አባቴ ነበራ!

አባቴ የመንግሥት ዋና ቀያሽ ነበር። ባለ መቶ ቀለበት የብረት ሰንሰለቱንና አንድ ከረጢት ካስማውን ይዞ በዓመት አንዴ ደሴቲቱን ዞሮ ይለካል። በተመለሰ ቁጥር ሰፍታ ትገኛለች። ከመሄዱ በፊት ግን ሁልጊዜ የሚያደርጋት ነገር ነበረች፤ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ያነጥፍና በጉጠት ከሰንሰለቱ አንዲት ቀለበት ነቅሎ ያወጣል። እናቴ ቀሚሴ ሲጠበኝ ስፌቱን ፈታ ታደርግልኝ ስለነበር፣ አባዬም ለደሴቲቱ ስፌት የሚፈታላት መሰለኝ። አንድ ቀለበት ሲወጣላት እፎይ ብላ የምትሰፋ።

አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ታሪክ ተምሬ ተመርቄያለሁ። ቁመቴን የሚጠይቅ ፎርም ሲሰጡኝ ግን እስካሁን "በየትኛው?" ብዬ ልጠይቅ እቃጣለሁ።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ የገባኝ ማኅደሩን ካገላበጥኩ በኋላ ነው፤ ባልገባኝ ይሻለኝ ነበር። ክቡር አሳዳጊ የወደብ ጉምሩክ ሹም ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ ዓሣ ሊያጠምዱ በወጡበት ቀን ወደቡን ዘጉና "ማንም አይገባም" አሉ። መፈንቅለ መንግሥቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ክፍል የለውም። ፕሬዚዳንቱ ሦስት ቀን ደሴቲቱን ሲዞሩ ቆይተው ስንቃቸው ሲያልቅ ወደ ጎረቤት አገር ቀዘፉ። አዲሱ መሪ በመጀመሪያ ንግግራቸው "ትንሽ ደሴት ተረክቤያለሁ፤ ትልቅ ደሴት አስረክባለሁ!" አሉ። አነጋገር ነበር፤ ሰው ሁሉ እንደሚለው ያለ። ዓመቱ ሲሞላ ግን አንድ የሬዲዮ ሰው ቅየሳ ቢሮ ደውሎ "ስንት ደረሰች?" ብሎ ጠየቀ። "ኧረ ወንድሜ፣ ሰውየው ለአባባል ያህል ነው" የሚል አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ እዚያው ያበቃ ነበር። አልነበረም። ለአለቃ "አልተረዳሁዎትም" ከማለት ደሴት መዘርጋት ይቀላል።

በመጀመሪያው ዓመት ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ሲገለጥ ጠብቀው ለኩ። በሁለተኛው ዓመት ውኃ ውስጥ ያለውን አለት ጨመሩ። በሦስተኛው ተራራውን እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ቢሆን ብለው ሽቅቡንም ቁልቁሉንም አሰሉ። በአራተኛው የቀረ ነገር ስላልነበረ አባቴ ጉጠት አነሳ። ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ የመጣው መንግሥት ደሴቲቱን በትክክለኛ ሜትር ሲያስለካት ሩብ ያህል ጎደለች። ይህን ጊዜ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አጣሪ ኮሚቴ አቋቁመው አባቴን ጠሩና "የጎደለውን መሬት ለማን ሸጣችሁት?" አሉት። ጡረተኛው አባቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ተመላለሰ። ሰው መሆን አንዳንዴ ያንገሸግሻል።

ወደ ልጅነቴ ልመለስ። የአባቴ ሰንሰለት የመለኪያዎች ሁሉ እናት ነበር። እሱ ሲያጥር የሱቁ ሜትር ሁሉ በአዋጅ ተሰብስቦ በልኩ ይቆረጣል። የአሥራ ሁለተኛው ዓመት በዓል ሲደርስ ዘጠኝ ቀለበት ወጥቶ ነበር፤ ሜትሩም ወደ ዘጠና አንድ ሳንቲሜትር ወርዶ ነበር። ይህን ያህል የወረደ ሜትር ያለበት አገር ውስጥ ልብስ ሰፊ መሆን ማለት እርግማን ማለት ነው። እናቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነበረች።

"አምናም አራት ሜትር፣ ዘንድሮም አራት ሜትር!" እያለች በየወሩ በራችን ላይ የምትጮኸው ዳቦ ጋጋሪዋ ነበረች፤ ከመንገዱ ማዶ ያለችው። "የአምናው ሙሉ ቀሚስ ወጣው፤ የዘንድሮው እጅጌ አነሰው! ቀሪውን ጨርቅ ወዴት አደረግሽው?"

"ወፍረሽ ነው፣ እትዬ" ትላለች እናቴ፤ ሌላ ምን ትበል።

"እኔ ወፍሬ? ሌባ!"

እናቴ እንዲህ ስትዋረድ አባቴ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ይሸፍናል። በጣም የሚያነብ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ማንም እንዳይሳሳት ሕጉ ግልጽ ነበር። አሮጌ መለኪያ ይዞ የተገኘ ሰባት ዓመት ጨው ማምረቻ ይላካል። ትንሹ አጎቴ ሱቅ ገብቶ ገመድ ሲገዛ "ሜትሩ አጠረ እንዴ?" ብሎ በመጠየቁ ብቻ ሄዷል። ለእኔ የተነገረኝ "ጨው ላይ ሥራ አገኘ" ተብሎ ነው። ባሕር ዳር ስለሚሠራ ቀናሁበት፤ ሲመጣ ዛጎል ያመጣልኛል እያልኩ ጓደኞቼ ላይ ጉራ ነዛሁ። እናቴ በሰማችኝ ቁጥር የምትሠራውን ጥላ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር።

ያም ሆኖ እናቴ አሮጌ ሜትር ነበራት። ሙያውን ካስተማረቻት አክስቷ የወረሰችው፣ ቁጥሩ በቢላ የተቀረጸበት የዕንጨት ዘንግ። ስፌት ክፍሏ መስኮት ላይ መጋረጃ ተሰቅሎበት ይውላል። ጨርቅ ልትቆርጥ ስትል መጋረጃውን ታወርዳለች፤ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ መልሳ ትሰቅላለች። አባቴ በዚያ ክፍል አያልፍም ነበር። የግድ ካለፈም ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ነው የሚያልፈው።

ያን ዓመት ስምንት ዓመት ሞላኝና አባዬ በሩ መቃን ላይ አቁሞ ለካኝ።

"አንድ ሜትር ከሠላሳ ሁለት!"

ዘለልኩ። በበዓሉ ቀን ባንዲራ ተሸክሞ ከፊት ለሚሄደው ረድፍ የሚመረጠው አንድ ከሠላሳና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ነበር። ሮጬ ለእናቴ ልነግራት ስሄድ ዘንጓን ይዛ ነበር። ጀርባዬ ላይ አስጠጋችውና "አንድ ከሃያ" አለች።

"አባዬ አንድ ከሠላሳ ሁለት ነሽ ብሎኛል!"

"አባትሽ ለደሴቲቱም እንደዚያው ነው የሚላት።"

የቀናችብኝ መሰለኝ። እናት ልጇን በአሥራ ሁለት ሳንቲም ታሳንሳለች? ትምህርት ቤት ሲለኩኝ አንድ ከሠላሳ ሁለት ሆንኩ፤ ባንዲራው ተሰጠኝ። የዚያን ዕለት እናቴን ይቅር አልኳት፤ ምንም ባልሠራችው ጥፋት።

በሳምንቱ ከፋብሪካ የሰልፍ ልብስ መጣልኝ። እጅጌው ክንዴ አጋማሽ ላይ ቀረ። ፋብሪካው የሚቆርጠው ድሮ በተጻፈ የዕድሜ ሰንጠረዥ ነበር፤ ሰንጠረዡን የሚነካ አልነበረም፣ ሜትሩ ግን ዓመት ዓመት ያጥራል። የሁሉም ልጅ ልብስ እንደዚሁ ነበር፤ ሬዲዮውም "ልጆቻችን ከልብሳቸው ቀድመው እያደጉ ነው" ብሎ አበሰረን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እናቴ ልብሱን ገልብጣ አየችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

"የልብስ ሰፊ ልጅ ክንዷ ተራቁቶ አደባባይ አትወጣም" አለች።

"ተዪው" አለ አባቴ። "ሁሉም የሚለብሰው እንዲያ ነው።"

"ሁሉም ይልበስ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ለአንድ እጅጌ ብለሽ ቤታችንን ልታፈርሺ ነው?"

"አንተ ደሴት ስታሰፋ ዝም አልኩህ። እኔን ደግሞ እጅጌ ላስረዝም ተወኝ።"

ያንኑ ዓይነት ጨርቅ ገዝታ፣ መጋረጃውን አውርዳ፣ በአንድ ቀን አዲስ ሰፋችልኝ። ልኬ ነበር። ስታለብሰኝ አገጬን ያዘችና "ማን ሰፋልሽ ቢሉሽ ፋብሪካው ነው የምትዪው። ገባሽ?" አለች። ገባኝ። እንዲያውም ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

አደባባዩ ላይ አርባ ልጆች ተሰለፍን። ከግራ ከቀኜ የቆሙት ሁሉ ክንዳቸው እንደ ተላጠ ዱላ ወጥቷል፤ የእኔ እጅጌ እስከ አንጓዬ ወርዶ በሥርዓት ተቀምጧል። ረድፉን ሊያይ የመጣው የመለኪያ ጉዳዮች ሹም ነበር፤ ለሁሉም ነገር "ይስተካከላል" ስለሚል ከተማው "አቶ ይስተካከላል" ይለዋል። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና መምህራችንን ጠራት።

"ይህች ልጅ ምን ሆና ነው ያላደገችው?"

ሠላሳ ዘጠኝ ልጅ ሳቀብኝ። አስቡት፤ ዓመቱን ሙሉ የለፋሁበት ቁመት! ደም ፊቴ ላይ ወጣ።

"አድጌያለሁ!" አልኩ። "አንድ ሜትር ከሠላሳ ሁለት ነኝ! ልብሴ ልኬ የሆነው የእማዬ ሜትር ከእናንተ ሜትር ስለሚረዝም ነው!"

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሳቁ በአንዴ ቆመ። መምህራችን ትከሻዬ ላይ የነበረ እጇን ቀስ ብላ አነሳች። አቶ ይስተካከላል ጎንበስ አለና ፈገግ ብሎ፣ "የት ነው የምታስቀምጠው፣ የኔ ልጅ?" አለኝ።

"መጋረጃው ላይ" አልኩት። እሱን እንኳ አላስቀረሁላትም። ሰውየው ስላመነኝ ደስ ብሎኝ ባንዲራዬን ከፍ አድርጌ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት እቤታችን መጣ። ከኋላው የመንግሥቱን የብረት ሜትር ተሸክሞ አባቴ ይከተለዋል። "ለምርመራ እንሄዳለን" ብሎ ከቢሮ እንዳስነሳውና የማን ቤት እንደሆነ እስከ ራሱ በር ድረስ እንዳልነገረው ያወቅሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ አባዬ እንግዳ ይዞ የመጣ መስሎኝ ወንበር ላቀርብ ሮጥኩ።

አቶ ይስተካከላል በቀጥታ ስፌት ክፍል ገብቶ መጋረጃውን አወረደ። ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ ብረቱን ከጎኑ አጋደመ። ዘንጉ በአንድ መዳፍ በለጠ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የመጋረጃ ዘንግ ነው፣ ጌታዬ" አለች እናቴ።

"መጋረጃ ቁጥር ያስፈልገዋል?"

እናቴ መቀሷን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ሰውየው ወደ አባቴ ዞረ።

"ዋና ቀያሽ፣ አንተ ንገረኝ። ይሄ ነገር ሜትር ነው ወይስ ሜትር አይደለም?"

ዛሬ ያችን ጥያቄ ሳስባት ላብ ያጠምቀኛል። ሜትር ነው ቢል እናቴ ሰባት ዓመት ጨው ትገባለች። አይደለም ቢል ቁጥሩን ማን ቀረጸው? አባቴ ብረቱን አየ፣ ዘንጉን አየ፣ ጣሪያውን አየ።

"ሜትር ነበር" አለ። "አድጎ ነው።"

"ምን አልክ?"

"የተቆረጠው ከዚሁ አገር ዛፍ ነው፣ ጌታዬ። አምና አለቱ አደገ ብለን ፈርመናል። ከኔ ፊርማ በላይ የእርስዎ ፊርማ አለ። ዕንጨት ከድንጋይ ያንሳል?"

እኔ ዓይኔን ዘንጉ ላይ ተክዬ ሲያድግ ለማየት ጠበቅኩ። "አያድግም" ቢል ደሴቲቱ ባለችበት ልትቀር ነው፤ ያቺ ቃል ደግሞ ለሹምም ለሎሌም ጨው ነች። ሰውየው ብረቱን አነሳ።

"ይስተካከላል" አለ። "የአንድ ሰው ዕንጨት ብቻውን አያድግም። ካደገ የሌላውም አድጓል። ቅዳሜ ጠዋት ያደገ ዘንግ ያለው ሁሉ ቢሮ ድረስ ያምጣ፣ ለኤግዚቢሽን። ሌላ ከመጣ መልካም። ካልመጣ ይኸኛው አላደገም ማለት ነው።" ወደ እናቴ ዞሮ፣ "ስንቅዎን ይዘው ይምጡ" ብሎ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ እናቴ ባሏ ላይ አፈጠጠች።

"ዕንጨት አደገ?"

"ሌላ ምን ልበል?"

"አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ቀልድህ ይሄ የመጀመሪያው ነው።"

"ቀልድ አይደለም" አለ አባቴ። እጁ እየተንቀጠቀጠ የከረጢቱን ማሰሪያ መቋጠር አቃተው። በርዶት መስሎኝ ሹራቡን አመጣሁለት።

ሬዲዮው በቀን ሦስት ጊዜ አወጀ። "ኤግዚቢሽን" የሚለውን ቃል ስሰማ ሽልማት አለው ብዬ ወሰንኩ፤ ማን ነገረኝ አትበሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ እናቴ በመስኮት ጎዳናውን ታያለች፣ አባቴ አይበላም፤ እኔ ደግሞ አልጋዬ ላይ ተንበርክኬ "አምላኬ፣ ማንም ሰው እንዳይመጣ፣ ያደገው የኛ ብቻ ይሁን" እያልኩ እጸልያለሁ። ከልቤ ነበር የምጸልየው።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። እናቴ በአንድ እጇ ዘንጉን፣ በሌላው በጨርቅ የተቋጠረ ስንቅና ሁለት ቅያሪ ልብስ ይዛለች። አቶ ይስተካከላል ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ አውጥቶ ተቀምጧል፤ አባቴ ከጎኑ መዝገብ ይዞ ቆሟል። ሌላ ሰው የለም። የእኛ ዘንግ ተለካ፤ "አንድ ሜትር ከአሥር" ብሎ አባቴ ጻፈ። ሰውየው ሰዓቱን አየና፣ "እስከ አራት ሰዓት" አለ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል ሆነ። እናቴ አጠገብ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቋጠሮዋን ትፈታለች፣ ትቋጥራለች። እኔ በልቤ እጨፍራለሁ።

አራት ሊሆን ሩብ ሲቀረው በሩ ተንቋቋ። የገባችው ዳቦ ጋጋሪዋ ነበረች። ዱቄት በለበሰ ሽርጧ፣ የዶሮ ኩስ የደረቀበት ረጅም ዕንጨት ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ ጧ አደረገችው።

"ጌታዬ፣ የኔም አድጓል" አለች። "ለዶሮዎቼ ቆጥ አድርጌው ነበር፤ እነሱ ናቸው መሰለኝ ያሞቁት።"

ሰውየው መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ለካው። አንድ ሜትር ከአሥር።

እናቴ ከድንጋዩ ተነሳች። ዳቦ ጋጋሪዋ ጎን ሄዳ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ "ልኩ እያለሽ ነው ይህን ያህል ዓመት ሌባ ስትዪኝ የኖርሽው?" አለቻት።

"ታዲያ ማንን ልስደብ?" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ፊቷን ሳታዞር። "ክቡር አሳዳጊን?"

ከዚያ በሩ መዘጋት አቆመ። አናጢው መጣ፤ የእሱ የመጥረጊያ እጀታ ሆኖ ኖሯል። ጡረተኛው የመርከብ ሰው የአልጋውን ርብራብ ነቅሎ አመጣ። መምህራችን እንኳ ካርታ የሚጠቀለልበትን ዕንጨት ይዛ መጣች፤ እኔን ስታይ ዓይኗን ሰበረች። ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ ጥጉን ዞረ። አንድ ሜትር ከአሥር። አንድ ሜትር ከአሥር። አንድ ሜትር ከአሥር። አንዱ የሌላውን ዘንግ ያያል፣ ከዚያ ፊቱን ያያል፣ ከዚያ መሬት ያያል። ሠላሳኛው ላይ ሲደርስ አቶ ይስተካከላል መለካቱን ተወ። የአባቴ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ሳይለካ "አንድ ሜትር ከአሥር" እያለ ይጽፋል። ድምፁ እየጎላ መጣ።

"ስንት ሆነ?" አለ ሰውየው በመጨረሻ።

"ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ ጌታዬ። ውጭም አለ።"

"ሁሉም እኩል?"

"ሁሉም እኩል።"

ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ጨው ማምረቻ የሚያደርስ ጀልባ እንዳልነበረው አሁን አውቃለሁ። ያኔ ያየሁት አንድ ሰው ድንገት ደክሞት ወንበሩ ላይ ሲወርድ ነው።

"ኤግዚቢሽኑ ቀርቷል" አለ። "ዕንጨታችሁን ይዛችሁ ወደየቤታችሁ።"

ወጣን። ሰዉ ሁሉ ዘንጉን ትከሻው ላይ አጋድሞ በጠራራ ፀሐይ፣ በመሃል ጎዳና ይሄዳል። የታሪክ መጽሐፎቻችን ያንን ቀን "የዘንጎቹ ቀን" ይሉታል፤ ሕዝቡ በንቃት እንደተነሳ፣ ዘማሪዎች ከፊት እንደመሩት ይጽፋሉ። ዘማሪ አልነበረም። ከፊት የምሄደው እኔ ነበርኩ፤ የምሄደውም ሕዝቡን ለመምራት ሳይሆን ከእናቴ ለመራቅ ነበር። እልህ ይዞኝ እንባዬ በእጅጌዬ ላይ ይወርዳል።

እናቴ ሮጣ ደረሰችብኝ። ስንቁ እጇ ላይ ይወዛወዛል፤ ፊቷ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልቶ ነበር።

"አንቺ ልጅ፣ አሁን ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?"

"ኮረጁን!" አልኳት። "ያደገው የኛ ነበር፤ ሁሉም ከኛ ኮረጁ! አንቺ ደግሞ ቆመሽ ታያቸዋለሽ!"

እናቴ ስንቋን መንገዱ ላይ ጣለች። ዘንጓን ተደግፋ ተቀመጠች፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር እስኪለወጥ ድረስ። ዳቦ ጋጋሪዋ ከኋላ ደርሳ ብብቷን ይዛ አነሳቻት።

ተሳለቀችብኝ ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኳት።